የአፕ ዕቁብ እና ግማሿ ቅጠል

አዋጅ። ጆሮ ያለህ አድምጥ፤ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ። የፒያሳዋ የጥልፍ ንድፍ አውጪ፣ የአንድ መነጽርና የሁለት መቀስ ባለቤት፣ የእንጨት ደረጃው ፎቅ ነዋሪ ወይዘሮ መይሙና ከዛሬ ጀምሮ ከቤተሰብ አባልነት የተሰናበቱ መሆናቸውን ልብስ ሰፊ፣ ሸማኔና ሙሽራ ሁሉ ይወቀው። ምክንያቱ አልተገለጸም። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። ፊርማም ማኅተምም የለውም።

እንዲህ ያለ አዋጅ ድሮ ቢሆን በነጋሪት ይወጣ ነበር፤ ቢያንስ ሰው ተሰብስቦ ይሰማዋል። የመይሙናው ግን የወጣው ከአንድ ስልክ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ያነበበችላት ከፎቁ ሥር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክ የምትጠግነው ሰናይት ናት።

«ማዘር፣ ‹ከየሲን ቤተሰብ ወጥተዋል› ይላል።»

«ማን አወጣኝ?»

«አባወራው።»

መይሙና መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሲደናገራት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የመነጽሩ ይመስላታል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። መይሙና ከጉራጌ አገር፣ ከእነሞር፣ ወደ ፒያሳ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ መርፌ መያዝ የተማረችውም እዚሁ ነው። የእጅ ጥልፍ ዘመን ሲያልፍ፣ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ሲገባ፣ እኩዮቿ መርፌያቸውን ሰቅለው ወደ ሌላ ንግድ ሄዱ። እሷ ግን ንድፍ ማውጣት ያዘች። የምትኮራበት ዘዴ ነበራት፦ ሙሽራ ስትመጣ አታያትም፤ መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ታዳምጣታለች። የእንጨቱ ደረጃ ያለ ርኅራኄ ይናገራል። ቸኩላ የምትወጣ ቀጭን ጥልፍ ይሠራላታል፤ እያረፈች የምትወጣ ሰፊ ጥልፍ ትሸከማለች፤ መሐል ላይ ቆማ ስልክ የምታወራ ደግሞ «ይቺ ሠርጉንም ልታራዝመው ነው» ተብሎ ቀብድ ይጠየቅባታል። በዚህ ስሌት ስንት ሴት እንደዳረች እሷም አታውቀው። ስሟ ግን በአንድም ቀሚስ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ጥልፉ የልብስ ሰፊው ነው ይባላል፤ የማሽኑ ነው ይባላል፤ የሙሽራዋ ነው ይባላል። መሬት ላራሹ የሚል ትውልድ ተነሥቶ አልፏል፤ ጥልፍ ለጠላፊው የሚል ግን እስካሁን አልተፈጠረም።

የሲን ወደ ፒያሳ ሲመጣ የነበረው አንድ ያረጀ ማሽንና ብዙ ምላስ ነው። ያገሯ ልጅ ነው። መይሙና ከክፍሏ ጥግ ሰጠችው፤ ቤት ሲከራይ ዋስ ሆነችለት፤ ምሳ ሲደርስ ከሳህኗ አጎረሰችው። «እትዬ፣ እኔ ወንድምዎ ነኝ» ይል ነበር እየጎረሰ። አፍ ሲሞላ የሚነገር ዝምድና አፍ ሲደርቅ የት እንደሚገባ ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል?

ማሽኑ ወረቀት አያነብም፤ ፋይል ነው የሚበላው። ስለዚህ ንድፍ አውጪ ሁሉ በታብሌት መሳል ግድ ሆነበት፤ ለዚያም የጥልፍ መሳያ አፕ ያስፈልጋል። አፑ ይሸጣል፤ ግን የሚሸጥበት ሱቅ በር የለውም፤ ባለሱቁ አይታይም፤ ያገራችንን ብር ደግሞ የሕፃን መጫወቻ ያህል እንኳ አይቆጥረውም። የውጭ ካርድ ይፈልጋል። ካርድ ያለው ዱባይ የሚመላለሰው የሲን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የፒያሳ ሰው የሚያውቀውን አደረገ፤ ዕቁብ መሠረተ። መይሙና፣ ከጎኗ ባለው ክፍል የካባ ጥልፍ የሚነድፈው አርአያ፣ ከታች ያለችው የሕፃናት ልብስ ነዳፊ ሕብረት፣ እና የሲን። አዋጡ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ ዱዓም ጸሎትም ተደረገ፣ አርአያ ምንም የሚጻፍ ነገር ሳይኖር ጸሐፊ ሆነ። የሲን ዳኛ ተባለ።

«ዕጣው መቼ ይወጣል?» ብላ ሕብረት ጠየቀች።

«የምን ዕጣ? አፑ ለሁላችንም በአንድ ቀን ይደርሳል» አላት የሲን።

ሁሉም በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ዕጣ የሌለው ዕቁብ ማለት ዕጣው ገና ከመነሻው ለዳኛው የወጣ ዕቁብ ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። የሲን የአራቱንም ታብሌት ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲነካካ ቆየና አንድ በአንድ መለሰላቸው። «አልቋል። ሱቁ አንድ ባለቤት ይመዘግባል፤ ሌሎቹን ቤተሰብ ይላቸዋል። ቤተሰብ ሆነናል።» አርአያ ተነሥቶ አቀፈው። እነሆ፣ ጭሰኝነት በአዋጅ ከቀረ በኋላ በዳቦና በዱዓ ተመልሶ ፎቅ ወጣ፤ ጭሰኞቹም ባለርስቱን አቀፉት። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ካለ በዕቁብ ያደገ ሰው አይደለም። ዕቁብ ውስጥ አብሮ የተዋጣ አብሮ የተያዘ ነው፤ ዳኛ በዕቁብተኛ ንብረት ላይ ቢቀልድ ሰፈሩ ቁሞ ይፈርድበታል። ሱቁ ግን ሰፈር የለውም።

ዓመታት አለፉ። የምትስለው ሁሉ ከታብሌቱ አልፎ በባለቤቱ ማስቀመጫ ይከተታል፤ አፑ የተሠራው እንዲያ ነው። መይሙና ይህን አታውቅም። ታብሌቱ ውስጥ የሳለችው ታብሌቱ ውስጥ አለ፤ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት ሳጥን ውስጥ እንዳለ። አለቀ።

ከዚያ የልጇ የፊርደውስ ሠርግ መጣ። የሰው ልጅ ስትድር የኖረች ሴት ለራሷ ልጅ ምን እንደምትሰጥ ያን ጊዜ ተጨነቀች። ፊርደውስን ደረጃ አስወጥታ ልታዳምጣት ሞከረች፤ አልሆነም፤ የልጇን እግር ዳዴ ከማለቷ ጀምሮ ስለምታውቀው ጆሮዋ አልፈርድ አለ። በመጨረሻ የእናቷ ጓሮ ትዝ አላት። እንሰት። ሰፊው ቅጠል፣ መሐሉን የሚሰነጥቀው ወፍራም ጅማት፣ ነፋስ የተረተረው ጫፍ። ከአንገት ጀምሮ በደረት ወርዶ ቀሚሱን ዞሮ የሚመለስ የቅጠል ሐረግ ሳለች። በጥልፍ ላይ እንሰት ያየ የለም፤ ቆጮ የሚበላ ሁሉ ቅጠሉን የሚያውቀው እንደ መጠቅለያ ነው። በፋይሉ ላይ «ፊርደውስ» ብላ ጻፈች። ለማንም አላሳየችም፤ ለፊርደውስም ጭምር። ይህን ጥልፍ ሌላ ሴት እንዳትለብሰው፤ ምኞቷ ያ ብቻ ነበር።

ከታች በግራ በኩል የመጨረሻዋን ቅጠል ግማሽ ላይ አድርሳ ሳለ የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ታብሌቱን መስኮቱ ሥር አኑራ ልትሰግድ ገባች። ሰግዳ ስትወጣ ዝናብ ጥሎ፣ መስኮቱ አፍስሶ፣ ታብሌቱ ጠቁሮ ጠበቃት።

አማቿ ሊሆን የተዘጋጀው ሙዓዝ ደግ ልጅ ነው፤ ባይሆን ይሻል ነበር። አዲስ፣ ብልጭልጭ ያለ ታብሌት ገዝቶ አመጣላት። መይሙና ይዛው ወደ ሰናይት ወረደች።

«አፔን እዚህ ላይ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሰናይት ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ማዘር፣ ይሄ እኮ የሌላ ሱቅ ነው። የድሮው ታብሌትዎ የሚገዛው ከዚያኛው ሱቅ፣ ይሄኛው ከዚህኛው። ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። እዚያ የገዙት እዚህ አይቆጠርም፤ እንደገና ይግዙ ይላል።»

«ከፍያለሁ እኮ።»

«ከፍለዋል። የከፈሉት ግን ለመግቢያ ነው። ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጠው ወንበሩን ይዘው ይወጣሉ እንዴ?»

«ሲኒማ ቤት የሳልኩትን አይወስድብኝም» አለች መይሙና።

አራዳ መልስ ሲያጣ ሥራ ይጀምራል፤ ሰናይትም የመይሙናን ስልክ ተቀብላ «ይሄ ከድሮው ሱቅ ነው፤ በሱ እንግባ» አለች። አፑ ወረደ፤ ተከፈተ፤ ግን ከንድፎቹ በፊት አንድ በር ቆመ። ኮድ ይላል። ኮዱም ወደ ባለቤቱ ስልክ ተልኳል ይላል።

«ባለቤቱ እኔ አይደለሁ?»

«ባለቤቱ ስልኩ በዚህ ቁጥር የሚያልቅ ሰው ነው» ብላ ሰናይት በጣቷ አሳየቻት። መይሙና ቁጥሩን አወቀችው፤ ስንት ጊዜ «ምሳ ቀርቧል፣ ና» ያለችበት ቁጥር ነው። ደወለች።

«የሲን፣ ኮድ መጥቶልሃል፤ ንገረኝ።»

«እትዬ፣ በመጀመሪያ አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ኮዱን።»

«ምንም አልመጣልኝም፣ እትዬ።»

«እየው ደግመህ።»

«አየሁ። የለም። ኔትወርኩ ይሆናል። እኔ እደውልልዎታለሁ።»

መይሙና ስልኩን ዘጋች። የሲን ስለ አንድ ጥቅል ክር ሲከራከር እንኳ ሦስት ጊዜ ወላሂ የሚል ሰው ነው። አሁን አንድም ጊዜ አላለም፤ በሐሰት መማል ይፈራል።

ኮዱ ሳይመጣ ቆይቶ ሌላ ነገር መጣ፤ ከላይ ያነበባችሁት አዋጅ።

«ማዘር፣ እርስዎ ፋራ ሆነው አይደለም» አለች ሰናይት ልታጽናናት። «ሰውዬው ነው ነቄ የሆነው።»

«መንቃት ያጎረሱትን ማባረር ከሆነ ይሁንለት» አለች መይሙና፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የሲን ዛሬ ፒያሳ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስና ሲሠራ እሱ ወደ አራት ኪሎ መንገድ ወጥቶ መስታወት ባለው ሱቅ ተቀምጧል። መይሙና በእግሯ ሄደች። ከሱቁ መስታወት ፊት ስትደርስ ማንኛውም መንገደኛ እንደሚያደርገው የተሰቀለውን ቀሚስ አየች። ነጭ ቀሚስ ነው። ከአንገቱ የእንሰት ቅጠል ይወርዳል። መሐሉን የሚሰነጥቀው ጅማት፣ ነፋስ የተረተረው ጫፍ። ዓይኗ እየወረደ ከታች በግራ በኩል ደረሰ። የመጨረሻዋ ቅጠል ግማሽ ናት። ማሽኑ ዙህር ላይ እንደቆመች አድርጎ ጠልፏታል።

ከጎኑ ሌላ ቀሚስ አለ፤ በቀይ ክር። ከኋላው ሌላ፤ በአረንጓዴ። በሦስቱም ላይ ቅጠሏ ግማሽ ናት። አንገታቸው ላይ ትንሽ የጨርቅ ምልክት ተሰፍቷል፤ «ፊርደውስ» ይላል።

ውስጥ የሲን ለአንዲት ደንበኛ እያስረዳ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ዕቃ ሲሸጥ እንደ ሰባኪ ይሆናል። «ይቺን ያልተጠናቀቀች ቅጠል ያያሉ? ሆን ተብላ ነው። የሰው ሕይወት ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ሳስብበት ቆይቼ ነው።»

ደንበኛዋ በጣም ተነካች። ያልሰገደበትን ሶላት በፍልስፍና የሚሸጥ ሰው አጋጥሟት አያውቅማ።

የሲን መይሙናን ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ አልወረደም፤ ጥቂት ብቻ ዘመም አለ። «እትዬ፣ ይግቡ እንጂ። ሻይ ይምጣልዎ።»

«ይቺ ቅጠል የማናት?»

«የቤተሰቡ ናት።»

«ዛሬ ጠዋት ያባረርከኝ ቤተሰብ?»

«እሱ ሲስተሙ ነው፣ እትዬ። ብዙ ዕቃ ሲገባበት ራሱ ያስወጣል። እኔ እጄ የለበትም።»

«ስሟን ጽፌበታለሁ።»

«አይቻለሁ። የንድፉ ስም መስሎኝ ነው። ጥሩ ስም ነው፤ ገበያ ላይ ይሄዳል።»

«ልጄን በጀርባህ አዝለሃታል፣ የሲን።»

አሁን ፈገግታው ወረደ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ደንበኛዋ እንዳትሰማ። «እትዬ፣ እውነቱን እንነጋገር። አፑ በማን ስም ነው? በኔ። በኔ ስም ባለ አፕ የተሳለ የማን ይባላል? እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ሕጉ ነው። ለፊርደውስ አንዱን ቀሚስ በነፃ እሰጣታለሁ። ስጦታዬ ይሁን።»

የልጇን ቀሚስ ለልጇ በስጦታ። መይሙና ቆማ አየችው። ያጎረሰችው አፍ ነው። ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች።

ፒያሳ ስትደርስ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ዕቁብ ዕቁብ ነው፤ ዳኛ ካጠፋ ዕቁብተኛ ይሽረዋል። አርአያንና ሕብረትን በአርአያ ክፍል ሰበሰበች። ያየችውን ነገረቻቸው። አርአያ ጥርሱን ነከሰ፤ ሕብረት «ወይኔ እትዬ» አለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

«ስለዚህ ሦስታችን ሄደን ዳኝነቱን እናውርደው» አለች መይሙና።

አርአያ ጢሙን አሻሸ። «እናውርደው። በምን እናውርደው? ማጥፊያው እሱ እጅ ነው።»

«የኔ የበዓል ትዕዛዝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ እትዬ» አለች ሕብረት፤ ታብሌቷን በፊቱ ደፋችው፤ የሲን በዚያ በኩል የሚሰማት ይመስል። «ዛሬ ቢያስወጣኝ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«የአሥር ዓመት የካባ ንድፍ ነው ያለኝ» አለ አርአያ።

«የኔስ?» አለች መይሙና።

ሁለቱም ወለሉን አዩት። የእንጨት ወለል ነው፤ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። በመጨረሻ አርአያ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ትልቅ ሰው ተናገረ። «ሽማግሌ እንላክ። በሰላም ይለቅልሽ እንደሆን። ብቻ… የኛ ስም እንዳይነሣ።»

ጭቁኖች ሆይ ተባበሩ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ጭቁኖቹ ታብሌታቸውን ደፍተው «ስማችን እንዳይነሣ» እንደሚሉ የጻፈ ግን የለም። መይሙና በዚያች ክፍል ውስጥ የሲንን ረሳችው። የሲን ሌባ ነው፤ ሌባ ይሰርቃል። እነዚህ ግን አብረዋት ዳቦ የቆረሱ ናቸው። የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ወጣች፤ አርአያም በሩን በቀስታ ዘጋው፤ እንዳይሰማ።

ፊርደውስ ነገሩን ስትሰማ እንደ ዘመኗ ልጅ ቀለል አድርጋ አየችው። «እማ፣ ሌላ ሳዪልኝ፤ ምን ችግር አለው?»

«ሌላ ለሌላ ልጅ እስላለሁ። ላንቺ የሳልኩት ይሄን ነው።»

መርፌዋን ከተሰቀለበት አወረደች። ነጩን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ በሳሙና ቁራጭ ከሐሳቧ ነደፈችው፤ ከዚያ በእጇ መጥለፍ ጀመረች። ጣቶቿ የረሱት ብዙ ነበር፤ መነጽሯም አልረዳት። ቅጠል በቅጠል ወረደች። ከታች በግራ ስትደርስ ዙህር ነበር፤ ሰገደች፤ ተመለሰች፤ ግማሿን ቅጠል ሞላቻት። ያን ቀን ብቻ ጥቂት ቀለላት። የሲን እጅ ያለው ያቋረጠችው ነው፤ የጨረሰችው ከልጇ ጋር ነው። ይህን ለራሷ እየነገረች ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በሠርጉ ቀን ፊርደውስ ደረጃውን ስትወርድ ፎቁ ሁሉ ወጥቶ አየ። አርአያም በበሩ ቀዳዳ አየ።

አዳራሹ ውስጥ ከሙዓዝ ወገን የሆኑ አንዲት ዘናጭ እመቤት የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ይዘው ዳሰሱት፤ ወደ መይሙናም ዘንበል አሉ። ማን እንደሆነች አያውቁም።

«‹ፊርደውስ› ነው አይደል ይሄ?»

«አዎ፣ ፊርደውስ ናት። ልጄ ናት።»

«አይ፣ ቀሚሱን ነው የምልሽ። የአራት ኪሎው ‹ፊርደውስ›። እኔም ሁለት አለኝ።» እመቤቲቱ ከታች በግራ በኩል ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከልብ አዘኑላት። «ውይ እህቴ፣ አታልለውሻል። ፎርጅድ ነው የሸጡልሽ። የኦርጅናሉ አንዷ ቅጠል ግማሽ ናት፤ በሷ ነው የሚታወቀው። የዚህኛው ሰፊ ሚስጥሩን ስላላወቀ ሞልቷታል።»

መይሙና የቀሚሱን ጫፍ ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደች፤ በመዳፏ አስተካከለችው። ቅጠሏ ሙሉ ነበረች። ሴትዮዋን «ይብሉ፣ ይጠጡ» አለቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ጀመር፤ ሙሽራውና ሙሽሪት ቆመው ፎቶ ሲነሡም ትጠርግ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ እንለምንዎ። በአራት ኪሎ መንገድ ሲያልፉ መስታወቱ ፊት ቆም ይበሉ። ይግቡ፤ ሻይ ይቀርብልዎታል፤ ይጠጡለት። ከዚያ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ቅጠል በጣትዎ ይንኩና ሰውዬውን ይጠይቁልን፦ ይህን ጥልፍ የሳለው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ለምን ብድግ አለ? ፍልስፍናውን ሲጀምርልዎ አያቋርጡት። እስኪጨርስ ይጠብቁና፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ወላሂ እንዲል ይጠይቁት፤ ካላለ ደግሞ ቅጠሏ የማን እንደሆነች ያን ጊዜ አወቁ ማለት ነው።